ከአባቴ ግቢ ያልመጡ ጊኒ ፒጎች

አባቴ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። ዕድሜ ልኩን ከአንዲት ድመት በቀር እንስሳ አላሳደገም፤ እሷንም ያመጣት አይጥ ልብሱን እየበላ ስላስቸገረው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ ባሉ አዳራሾች ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ስለ አባቴ ሌላ ታሪክ ሳወራ ስለኖርኩ ነው። ታሪኩን ከሰሙት ሰዎች እውነቱን የነገርኳቸው ሁለቱን ብቻ ነው። ሌሎቹ እንዳመኑኝ ቀሩ።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ስሠራ ነው። በአውሮፕላን የሚመጡ እንስሳትን ለባለቤቶቻቸው የማስረክበው እኔ ነበርኩ። ውሻ፣ ጫጩት፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ፣ አንድ ጊዜም እባብ አስረክቤአለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ እንስሳው በሕይወት መኖሩን ያያል፣ ይፈርማል፣ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሌዊስቪል አንዲት አሮጊት መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሣጥኑን ሲከፍቱ ድርቆሽ ላይ የተቀመጠች፣ ጅራት የሌላት፣ ከአይጥ በልጣ ከጥንቸል የምታንስ ቀይ እንስሳ አየሁ። ፀጉሯ እንደ ሌላ እንስሳ ወደ አንድ ወገን አልተኛም፤ ጀርባዋ ላይ፣ ጎኗ ላይ፣ ዳሌዋ ላይ እንደ ውሃ አዙሪት እየዞረ ቆሟል።

«ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ጊኒ ፒግ ናት። ዘሯ አቢሲኒያን ይባላል» አሉኝ።

ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። አሜሪካ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከኢትዮጵያ ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ፊቱን አሳዝኖ የሚጠይቀኝ ስለ ረሃብ ነው። አንድ የሥራ አለቃዬ ከሳንድዊቹ ግማሹን ቆርሶ ይሰጠኝ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፤ እኔም ምሳዬን በልቼም ቢሆን እቀበለው ነበር። እኚህ ሴትዮ ግን ያንን ስም የጠሩት ዓይናቸው እየበራ ነው።

«እኔም አቢሲኒያን ነኝ» አልኳቸው።

እኔንም እንስሳዋንም አይተው ከልባቸው ሳቁ። «እናንተስ ዘንድ አሉ?»

«አሉ» አልኩ። «አባቴ ያረባቸው ነበር።»

ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። አስቤበት ቢሆን አልለውም ነበር። ሴትዮዋ ግን በስልኬ ደውል ብለው ቁጥራቸውን ጽፈው ሰጡኝ፣ ቅዳሜም ቤታቸው ሄድኩ።

መኪናቸው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ጋራዡ የጊኒ ፒጎቹ ነው። የቴክሳስ ሙቀት ቶሎ ስለሚገድላቸው ኤር ኮንዲሽነር አስገብተውላቸዋል። ግድግዳው ሁሉ በሽቦ ቤቶች ተሸፍኗል፣ ቤቱ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ፀጉራቸው እስከ መሬት የሚወርድ ስለሆነ ተጠቅልሎ በወረቀት የታሰረላቸው አሉ። እንደ በግ የተጠቀለለ ፀጉር ያላቸው አሉ። ግንባራቸው ላይ አንዲት ነጭ አበባ የምትመስል ጉንጉን ብቻ ያላቸው አሉ። ሴትዮዋ እያንዳንዱን እያነሱ ዘሩን፣ መልኩን፣ ዳኛ የሚፈልግበትን ነገር በዝርዝር አስረዱኝ። አቢሲኒያኖቹ ጋ ስንደርስ ግን ቆም ብለው፣ «እነዚህን እንኳ አንተ ታውቃቸዋለህ» አሉና አለፉ።

ከዚያ በኋላም እንዲሁ ሆነ። በሄድኩ ቁጥር ስለ ሌሎቹ ያስተምሩኛል፣ አቢሲኒያኖቹ ጋ ስንደርስ «አንተ ታውቀዋለህ» ይላሉ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ስለዚህ ዘር የማውቀው ዓይኔ የሰረቀውን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ወር ጥንድ ሰጡኝ፤ አንዲት ቀይ ሴትና አንድ ወንድ። ወንዱ ሮን የሚባለው መልክ ነው፤ ጥቁር ፀጉሩ መሐል ነጭ ፀጉር ተቀላቅሎ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርትመንታችን ይዣቸው ስገባ ባለቤቴ ከነርሲንግ ሆም ሺፍቷ ተመልሳ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጊኒ ፒግ።»

ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄ አይጥ ነው።»

«አይጥ አይደለም። የሚወዳደር ነው።»

«ሶ፣ ሰው ሲመጣ ምን ልንል ነው? አይጥ እናረባለን?»

ተስማምተን ሰው ሲመጣ መኝታ ቤት ያለው የልብስ ክሎዜት ውስጥ እንድናስገባቸው ሆነ። ችግሩ ፍሪጅ ሲከፈት ወይም ፕላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ምግብ የመጣ እየመሰላቸው በቀጭን ድምፅ ይጮሃሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው ሳለ ባለቤቴ ፍሪጁን ከፈተች። ከክሎዜቱ ውስጥ ጩኸቱ ተነሣ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ አባ።

«የጭስ አላርሙ ነው አባ። ባትሪው አልቆ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ቀይርለት እንጂ ልጄ፤ እሳት ቢነሣስ?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አባ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ሳህን እያነሣች፣ «ውሸት እንዲህ ቶሎ እንደሚመጣልህ አላውቅም ነበር» አለችኝ። በካህን ፊት መዋሸቴ ነው የከነከናት። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የዋሸሁትን ሁሉ አልነገርኳትም ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር ፎርት ወርዝ አጠገብ የከብት ትርኢት በሚደረግበት አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ዳኛ እንስሳቱን በየተራ እያነሣ ጆሯቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ጥርሳቸውን ያያል። እያንዳንዳቸው ግራ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ብረት አላቸው። የእኔን ወንድ ሲያነሣ አዙሪቶቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ቆጠረ፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ያለው ፀጉር እንደ አጥር ቀጥ ብሎ መቆሙን አየ። ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ወደ ላይ ስቦርሸው ነበር የቆየሁት። የአንደኝነቱን ሰማያዊ ሪባን ሰጠው።

እጄ ለእንስሳ የተፈጠረ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህ ብቻውን ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን አስተማሪዋ ሰዎች ሰብስበው፣ «እሱ የመጣው ከአቢሲኒያ ነው። አባቱም ያረባቸው ነበር» ብለው አስተዋወቁኝ። ሰው ከበበኝ። ስለ ረሃብ የጠየቀኝ አንድም የለም።

ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አፌ ተከፈተ። አባቴ ሰፊ ግቢ እንደነበረው፣ ጊኒ ፒጎቹ በቀርከሃ ቤት ይኖሩ እንደነበር፣ በድሮ ጊዜ መኳንንት ብቻ ያረቧቸው እንደነበር፣ ሙሽራ ስትዳር ባለ አሥር አዙሪት ይሰጣት እንደነበር አወራሁ። አባቴ ሰባት ሰው በተጨናነቀበት ኪራይ ቤት ውስጥ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ነገሩን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ነበር። በሚቀጥለው ወር የጊኒ ፒግ አርቢዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ ግማሽ ገጽ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማይቸግራት ስለማውቅ ጋዜጣውን መኪና ውስጥ ደበቅሁት።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርኩ። ሰው ምክር ይጠይቀኛል። የማውቀውን በደንብ፣ የማላውቀውን ደግሞ በድፍረት እመልሳለሁ። «በእኛ አገር እንዲህ ነው» ካልኩ የሚከራከረኝ የለም።

ከአንዲት ሴት ጋር የተዋወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው። ከፎርት ወርዝ ወዲያ የምትኖር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት ስትናገር አንገቷ የሚቀላ። ያላት አንዲት ሴት አቢሲኒያን ብቻ ናት፤ እሷም ሮን ነበረች። በጣም ትወዳት ስለነበር ውድድር ላይ እንኳ ከጭኗ አታወርዳትም። አንድ ቀን ጋዜጣውን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ያንተን ወንድ ለእሷ ብታውሰኝ ብዬ ነበር» አለች። «ግን ሮንን ከሮን አታዳቅዪ ያሉኝ ሰዎች አሉ። አባትህ ቤት እንዴት ነበር?»

አስተማሪዋ በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ሌላ ጫፍ ስም ይመዘግቡ ነበር። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ብጠይቃቸው ግን አለማወቄ ይታወቅብኛል።

«ችግር የለውም» አልኳት። «እኛ ሁልጊዜ እናደርገዋለን።»

ወንዱን ለሦስት ሳምንት ወሰደችው። ጊኒ ፒግ እርግዝናው ረዘም ይላል፤ ሁለት ወር ያልፋል። እኔ ጉዳዩን ረስቼው ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ በነበረው ውድድር የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። አስተማሪዋ ከእኔ ጋር ቆመው ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ፎጣ ላይ አንዲት ግልገል ተኝታለች፤ ከራስ እስከ እግሯ ነጭ። ዓይን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የተዘጋ ስንጥቅ ብቻ ነበር። አፏ ተንሻፎ ጥርሷ ወደ ጎን በቅሏል። ጭንቅላቷን ወደ ድምፃችን እያዞረች አፍንጫዋን ታንቀሳቅሳለች።

«አራት ወለደች» አለች ሴትየዋ። ቁጣ ድምፅዋ ውስጥ አልነበረም። «ሦስቱ ደህና ናቸው። ይቺ መጥባት አልቻለችም፣ በሲሪንጅ ነው የማበላት። እናንተ ሁልጊዜ የምታደርጉት ከሆነ መድኃኒቱንም ታውቃለህ ብዬ ነው። እንዲህ ስትወለድ አባትህ ምን ያደርግላት ነበር?»

አስተማሪዋ ዞር ብለው አዩኝ። ሴትየዋም መልሴን ትጠብቃለች። የዚያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ብናገር ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር።

«በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ አይወለድም» አልኩ። «ምናልባት ምግቧ ላይ የጎደለ ነገር ይኖራል።»

የሴትየዋ አንገት ቀላ። «በየቀኑ ጎመንና ብርቱካን አበላት ነበር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ካርቶኑን ከደነችና ይዛው ወጣች። ጥፋቱን የራሷ አድርጋ ነው የወጣችው። ካደረግሁት ሁሉ ይህ ነው እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ፊቴን የሚያቃጥለኝ። የመጀመሪያው ውሸት ባዶ ጉራ ነበር። የመጨረሻው ግን ያመነችኝን ሰው የሚወነጅል ነው።

ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ውድድሩ አለቀ። አስተማሪዋን ሽቦ ቤቶቹን ወደ መኪናቸው አጋገዝኳቸው። የመጨረሻውን ከጫንኩ በኋላ የመኪናው በር ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ።

«አባትህ ቤት አንድም ጊኒ ፒግ ነበረ?»

«አልነበረም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሙ ከአገርህ ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ። እነዚህ እንስሳት ከደቡብ አሜሪካ ናቸው። ግን የትም አገር የሚያረቧቸው ሰዎች ስላሉ፣ አባትህም አርብቶ ይሆናል ብዬ አመንኩህ። የመኳንንቱን ወሬ ስሰማ ተጠራጠርኩ። ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም። ያኔ ባዋርድህ ይሻል ነበር።»

«ሮንን ከሮን ማዳቀል እንደማይገባ አላወቅሁም» አልኳቸው።

«እዚህ ያለ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነው። ላንተ ያልነገርኩህ ታውቃለህ ብዬ ነው። ከአራት አንዱ እንዲህ ሊወለድ ይችላል። ከምግብ አይደለም፤ በደም የሚወረስ ነው። ሄደህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን እያነሣሁ መልሼ አስቀመጥኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባለቤቴን ሥራ አለኝ ብዬ ቤት አደረስኳትና ወደ ሴትየዋ ቤት ነዳሁ። ደጃፉ ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም ብዙ ተቀመጥኩ። በመስኮት አይታኝ ኖሮ ራሷ በሩን ከፈተች።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። አባቴ ፖስታ ቤት ይሠራ እንደነበር፣ ግቢ እንዳልነበረው፣ ከአሜሪካ በፊት ጊኒ ፒግ የሚባል ነገር በዓይኔ እንዳላየሁ፣ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የምግቧ እንዳልሆነ።

«ሦስት ሰው አታድርጊ ብሎኝ ነበር» አለች። «ሦስቱንም ትቼ አንተን የሰማሁት ከአገሩ የመጣ ሰው ይበልጥ ያውቃል ብዬ ነው። በዚህ ሳምንት ብርቱካኑ ይሆን ጎመኑ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አልተኛሁም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አሁን እሱን ልልህ አልችልም» አለች። በሩን ግን አልዘጋችውም። «ግባ። የምግብ ሰዓቷ ነው።»

ወጥ ቤት ወስዳ ግልገሏን በፎጣ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከአንድ እፍኝ ጥሬ አትከብድም። ሲሪንጁን ከአፏ ጎን እንዴት እንደማስገባ፣ ውጣ እስክትጨርስ እንዴት እንደምጠብቅ አሳየችኝ። ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ለመንዳት እንደምትወጣ፣ በየሦስት ሰዓቱ ማብላት እንዳቃታት ነገረችኝ። «እኔና ባለቤቴ ሺፍታችን የተለያየ ነው። አንዳችን ሁልጊዜ ቤት አለን» አልኳት። ካርቶኑን ሰጠችኝ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ከኤርፖርቱ ቀን ጀምሮ ያለውን ነገርኳት። አባቴን ታውቀው ነበር፤ ሰርጋችን ላይ መርቋታል። የሰባት ሰው ኪራይ ቤቱንም ታውቀዋለች።

«እንዲያ ያለውን ሰው የአይጥ ባለርስት አደረግኸው?» አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው። «ለምንድን ነው ግን? ፖስታ ቤት መሥራት ምን ነውር አለው?»

አባቴ በሠላሳ ዓመት ሥራው የአንድ ሰው ደብዳቤ እንዳልጠፋበት ለዚያ አዳራሽ ብነግራቸው ያዳምጡኝ ነበር ይሆናል። አልሞከርኩትም።

ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ አየች። እጇን ታጥባ መጣችና፣ «ኦኬ፣ አንተ ያዛት፣ እኔ አበላታለሁ። ቀኑን ሙሉ የማደርገው ይህንኑ አይደል?» አለች። በነርሲንግ ሆሙ መዋጥ የተሳናቸውን ሽማግሎች የምታበላ እሷ ናት፤ እጇ አይቸኩልም። ግልገሏ ከእኔ ይልቅ የእሷን ድምፅ ለየች። ስትጠራት ዓይን የሌለው ፊቷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች።

ስድስት ሳምንት ቆየች። ጥርሷ ምላሷ ላይ እየበቀለ በየጊዜው ሐኪም ይቆርጥላት ነበር፤ በኋላ ጥርሱ ቶሎ ቶሎ መልሶ መብቀል ጀመረ፣ መብላቱም ሕመም ሆነባት። ሐኪሙ ውሳኔው የእናንተ ነው አለን። ባለቤቴ፣ «ይበቃታል» አለች። የሚያሳርፋትን መርፌ ሲወጓት የያዝኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ለሾፌሯ ደወልኩ።

«እሺ» አለች። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።» ስልኩን ዘጋች።

አስተማሪዋ በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ ማረሚያ እንድጽፍ ነገሩኝ። ጻፍኩ። ሮንን ከሮን ማዳቀል ምን እንደሚያስከትል፣ ይህን ባለማወቄ የሰው እንስሳ እንደጎዳሁ፣ ስሜን አስፍሬ ጻፍኩ። ስለ አባቴ፣ ስለ ግቢው፣ ስለ መኳንንቱ ግን አንድ መስመር አላስገባሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አንዳንዶቹ ማረሚያውን አንብበው፣ እንዲህ ያለ አዋቂ ሰው ጥፋቱን ማመኑ ትልቅነት ነው ብለው እጄን ጨበጡኝ። ያንንም ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ለውድድር አላቀረብኩም። ጥንዶቹን ለአስተማሪዋ መለስኩላቸው። አንዳንድ ቅዳሜ ሌዊስቪል እየሄድኩ ጋራዡን አጸዳላቸው ነበር፤ አቢሲኒያኖቹንም ከመጀመሪያው ጀምረው፣ እንደማንኛውም ጀማሪ፣ ያን ጊዜ አስተማሩኝ። የአውቶቡስ ሾፌሯን በዓመቱ አንድ ውድድር ላይ አየኋት። ከሦስቱ ግልገሎች አንዷ ሪባን አግኝታላት ነበር። ከሩቅ ራሷን ነቅንቃ ሰላም አለችኝና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

ዛሬ ፈረንጅ ስለ አገሬ ሲጠይቀኝ፣ የማውቀውን እንኳ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» ነው የምለው። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ይህም ልክ አለመሆኑ ይገባኛል።